የጎጃም ቅኔ ቤት ታሪክና አጠባበቅ

ስለ ጎጃም ቅኔ ቤት ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ስለ ቅኔው ነው። ሰምና ወርቁ ይፈታል፤ የመምህራኑ ስም ይነሣል፤ ትምህርቱ የሚሰጥበት ባለ አንድ ክፍል ጎጆ ግን ይታለፋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህን ጉድለት ለመሙላት አስቤ፣ ሜትር ይዤ፣ በደብረ ማርቆስ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ ጉባኤ ቤት ሄጄ ነበር። ቤቱ ክብ ነው፤ ግድግዳው በጭቃ የተመረገ እንጨት፣ ክዳኑ ሣር ነው። በውስጡ ከመደብ በቀር የረባ ዕቃ የለም፤ ሰሌዳም የለም። የኔታን ቤቱ መቼ እንደ ተሠራ ብጠይቃቸው የመምህራቸውን ስም ነገሩኝ፤ ቀጥለውም የመምህራቸውን መምህር፤ እንዲህ እያሉ ዋሸራ አደረሱኝ። ጥያቄው ያልተሰማ መስሎኝ ደገምሁት። «ጎጆውንማ፣ ልጄ፣ ተማሪው ያድሰዋል፤ ሲያረጅም አፍርሶ ይሠራዋል» ብለው ወደ ነገራቸው ተመለሱ።

ያን ዕለት መልስ ሳላገኝ የተመለስሁ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን በቅኔ ተማሪ አነጋገር «ቤት» ማለት ግድግዳ ብቻ አይደለም። የዋሸራ ቤት፣ የጎንጅ ቤት፣ የዋድላ ቤት ሲባል የቅኔውን ስልትና የመምህራኑን ሐረግ ያመለክታል። የቅኔው ስንኝም ቤት ይባላል፤ ጉባኤ ቃና ሁለት፣ ዘአምላኪየ ሦስት፣ መወድስ ስምንት ቤት አለው። ዓይነቶቹን በሙሉ የዘለቀ ተማሪም «ሙሉ ቤት» ደረሰ ይባላል። እንግዲህ የኔታ የቤቱን ዕድሜ በትክክል ነግረውኝ ነበር ማለት ነው።

ባለ አንድ ክፍል መሆኑም ከድህነት ብቻ የመጣ አይመስለኝም። ተማሪው ቅኔውን የሚቆጥረው ከቤት ውጭ፣ ከዛፍ ሥር ወይም ከገደል አፋፍ ላይ፣ ደበሎውን ተከናንቦ ብቻውን ነው። ወደ ቤቱ የሚገባው ያሰበውን ሊናገር፣ ግስና አገባብ ሊሰማ ነው። ነገራው ሲጀመር ጉባኤ ቃና ያልጠናለት ጀማሪና መወድስ የሚቀኘው ነባር በአንድ ጣራ ሥር ይደማመጣሉ። አስነጋሪው የታናናሾቹን ይሰማል፤ የኔታ ያርማሉ፤ ጀማሪው የሌላው ስሕተት ሲታረም እየሰማ ይማራል። ግድግዳ ቢከፍላቸው ኖሮ ይህ አይገኝም ነበር። ሐዲስ ዓለማየሁ (1902–1996) በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ ያለፉት በዚህ ሥርዐት ነው፤ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» አማካይነትም ዲማን በእግሩ ያልረገጠ አንባቢ ሁሉ ዲማን ያውቃል።

የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ግዙፍ የሆነውንና ግዙፍነት የሌለውን ቅርስ ለይቶ ተርጉሟል። ቅኔ ቤት ከሁለቱ በየትኛው ሥር እንደሚመደብ መወሰን ግን ያስቸግራል። በብዙ ቦታ ሣሩ በቆርቆሮ እየተተካ ነው። በዚህ የሚያዝኑ ወዳጆች አሉኝ፤ ቁንጫና ፍሳሽ ያላስተኛው ሰው ብቻ ስለ ሣር ክዳን ውበት ሲናገር እሰማለሁ። የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው፤ ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ነገራው አይሰማም። ከዚህ የከፋው መምህሩ ተተኪ ሳያፈሩ ሲያርፉ ነው። ተማሪው ይበተናል፤ አዳሽ ያጣ ጎጆም ብዙ ክረምት አይቆይም።

መንግሥቱ ለማ የአባታቸውን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትዝታ በቴፕ ቀድተው «መጽሐፈ ትዝታ» በሚል ርእስ በ1959 ዓ.ም. አሳትመዋል። ለቅኔ ቤትም የሚያስፈልገው ይህን የመሰለ ሥራ ይመስለኛል። የታተሙት መድበሎች ያለቀለትን ቅኔ ይሰጡናል፤ የተጣለውን ቃል፣ መምህሩ የጣሉበትንም ምክንያት አይሰጡንም። ያ የሚገኘው ከነገራው ላይ ብቻ ነው፤ የዛሬው ቅኔ ደግሞ ነገ አይደገምም።

ሁለተኛ ስሄድ ሜትሩን ትቼ መቅረጸ ድምፅ ያዝሁ። የኔታ ጥቂት አስበው ፈቀዱ፤ የተሳሳተው ቅኔ የማን እንደ ሆነ ግን ስም እንዳልጽፍ አስጠነቀቁኝ።