በእንቅርት ላይ ክኒን

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ስንባል እንስቃለን እንጂ፣ እንቅርት ለደጋ ሰው ተረት አልነበረም። የአርሲን ደጋ፣ ከጭላሎ እስከ አሰላ፣ ዝናብ ሲያጥበው ኖሯል። አፈሩ አዮዲኑን ካጣ በላዩ የበቀለው ገብስ ከየት ያመጣል?

መላው ጨው ነበር። አዮዲን የገባበት ጨው ከአሰብ ይመጣልን ነበር። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ከተለየች፣ በተለይም ከ1990ው ጦርነት ወዲህ፣ ፊታችንን ወደ አፍዴራ አዞርን፤ አዮዲኑ ግን አብሮን አልዞረም። በ2003 ዓ.ም. በተደረገ ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው ከ100 ቤት በ15ቱ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት አስገዳጅ ደንብ ወጣ፤ በ2008 ቁጥሩ 89 ደረሰ።

ከዚህ ታሪክ «አዮዲን ለአንገት ደግ ነው» የሚል ትምህርት ወረስን። ለሕዝብ እውነት ነው። የታይሮይድ ካንሰር ላለበት ወገናችን ግን ዘመድ ከውጭ የላከው የአዮዲን ክኒን ሕክምናውን ሊያሰናክል ይችላል፤ አዮዲን የጠገበ ህዋስ ለሕክምና የሚሰጠውን ራዲዮአክቲቭ አዮዲን በደንብ አይቀበልማ! ለፀጉር እየተባለ የሚሸጠው ባዮቲንም የታይሮይድ የደም ምርመራን ሊያሳስት ይችላል። ካልሲየምና ብረት ደግሞ ከታይሮይድ ሆርሞን ክኒን በ4 ሰዓት ልዩነት ይወሰዱ።

እናም ከመዋጣችን በፊት ብልቃጡን ይዘን ለሐኪማችን እናሳይ። አለዚያ ተረቱ በእኛው ይደርሳል።