የጎርጎራዋ መርከብና አገልግሉ

«ጋሼ፣ ወይኔን ቀሙኝ!» አለኝ የድሮ ተማሪዬ ከውጭ ደውሎ። የሽርሽር መርከብ ላይ ሲሳፈር፣ ወደብ ላይ የገዛውን ወይን «ስትወርድ ትወስዳለህ» ብለው አስቀሩበት። ፒያሳ ቡና እየጠጣሁ ነበርና ሳቄ መጣ። የኛ መርከብ ሕጓ ሌላ ነበር፤ ስንቅ ያልያዘ ጦሙን ያድራል።

ይህን ፒያሳ የሠሩት ጣሊያኖች፣ ጎንደርን ከ1928 እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. ሲይዙ፣ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀውን ጎርጎራን የጣና ወደባቸው አደረጓት። በኛ ጊዜ ከዚያ ባሕር ዳር በሳምንት አንዴ መርከብ ነበረች። ደልጊ ትቆማለች፣ ቁንዝላ ታድራለች፣ በደቅና በዘጌ አድርጋ በሁለተኛው ቀን ትገባለች። ምግብ አይሸጥባትም።

እኔ አዲስ መምህር፣ ሱፍ ለብሼ! እናቴ ቋንጣ ፍርፍር የሞላችውን አገልግል አንጠልጥሎ መታየት አፍሬ ቤት ጥዬው ወጣሁ። ደልጊ ላይ እንኳ ወርጄ ዳቦ አልገዛሁም (ኩራት!)። ማታ ቁንዝላ ላይ ተሳፋሪው ሁሉ አገልግሉን ፈታ፤ ጠላውም ከጀሪካን ተቀዳ፣ ከልካይ የለም። አንዲት እናት አዩኝና «ልጄ፣ አፈር ስሆን፣ ና ብላ እንጅ» አሉ። የበላሁት እንባ እየተናነቀኝ ነው።

ስመለስ አገልግሉ ታጥቦ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ፍርፍሩን ለጎረቤት ልጆች አብልታዋለች። መንገድ ላይ ምን በላህ ብላ ግን እስክትሞት አልጠየቀችኝም።