በጅቡቲ ወደብ ስለሚወርደው ማዳበሪያና በራጅ ስለሚመረመረው ካታሊስት

ጅቡቲ ከተማ የታሪክ ዕድሜዋ አጭር ነው። የባቡሩ ሐዲድ ሥራ በ1897 (ይህም ሆነ ከዚህ በታች ያለው ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ከዚሁ ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ያን ጊዜ ባቡሩ ወደ ባሕር የሚያወርደው ቡናና ቆዳ ነበር። ከ1998 ወዲህ ግን የኢትዮጵያ የባሕር ጭነት አብዛኛው በዚሁ ወደብ ሲያልፍ፣ ወደ መሀል አገር ከሚወጣው ዕቃ አንዱ ማዳበሪያ ሆነ። ማዳበሪያው በመርከብ ሆድ እንደ እህል ተበትኖ ይመጣና በወደቡ በከረጢት ይታሸጋል። ከዘር ጊዜ ከዘገየም ገበሬውን አይጠቅምም።

በከረጢቱ ላይ የናይትሮጅን፣ የፎስፎረስና የድኝ መጠን ተጽፏል። ሦስቱን ለማዘጋጀት ያገለገለው ካታሊስት ግን አልተጻፈም፤ ከከረጢቱ ውስጥም የለምና። ይህን ስም በ1835 ያወጣው የስዊድኑ ሊቅ በርዜሊየስ ነው፤ ሌሎችን አዋሕዶ ራሱ የማያልቅ ነገር ማለቱ ነበር። ናይትሮጅንን ከአየር ወስዶ አሞንያ የማድረጉን መንገድ ሃበር አገኘ። ሚታሽ የተባለው ኬሚስት በሺህ የሚቆጠር ሙከራ አድርጎ ከብረት ኦክሳይድ፣ ከአሉሚናና ከፖታሲየም የተሠራውን ካታሊስት መረጠ፤ በ1913ም በጀርመን አገር በኦፓው ፋብሪካው ሥራ ጀመረ። የፎስፌት ድንጋይ የሚሟሟበት የድኝ አሲድ ደግሞ አስቀድሞ በፕላቲን ይሠራ ነበር። ፕላቲን ዋጋው ውድ ከመሆኑም በላይ ጥቂት አርሴኒክ ሲነካው ይመረዛል። ስለዚህ በሲሊካ ላይ የተደገፈ የቫናዲየም ኦክሳይድ ቦታውን ወሰደ።

ነገር ግን ሚታሽ የሚበጀውን እንጂ የሚበጅበትን ምክንያት አላወቀም ነበር። ካታሊስቱ የሚሠራው በተዘጋ ጋን ውስጥ በብርቱ ሙቀት ነው። አውጥተው ሲያቀዘቅዙት አየር ያገኘውና ሌላ ነገር ይሆናል። እንጀራ ጋጋሪም አክንባሎውን ያለጊዜው ብታነሣ ያየችው እንጀራ የበሰለው አይደለም። የቫናዲየሙ ጉዳይ ከዚህ ይብሳል፤ በሥራ ላይ ሳለ በሲሊካው ቀዳዳዎች ውስጥ ቀልጦ ፈሳሽ ሆኖ ይገኛል፤ ሙቀቱ ወደ 400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲወርድ ግን ከፊሉ ወደ ጠጣር ቅንጣት ይለወጥና ኃይሉን ያጣል። ቀዝቃዛውን ብቻ የመረመረ ሰው እንግዲህ ሬሳ መረመረ እንጂ ሠራተኛውን አላየም።

ሬንትገን በ1895 ያገኘው፣ ሕዝቡ ራጅ የሚለው ጨረር ለዚህ ችግር መላ ሆነ። ጨረሩ በጋኑ ላይ በተበጀ ስስ መስኮት አልፎ ይገባል። እያንዳንዱ ንጥረ ነገር በራሱ የኃይል ደረጃ ይመጥጠዋል፤ ቫናዲየም በ5465፣ ብረት በ7112 ኤሌክትሮን ቮልት። አቶሙ ኤሌክትሮን ባጣ መጠን ይህ ደረጃ ጥቂት ከፍ ይላል። ሳየርስ፣ ስተርንና ላይትል በ1971 እንዳሳዩት ደግሞ፣ ከደረጃው በላይ የሚታየው ሞገድ መሰል መዋዠቅ ጎረቤት አቶሞች ምን ያህል እንደሚርቁ ይናገራል። ስለዚህ ጋዙ እየፈሰሰ፣ ሙቀቱም ሳይበርድ፣ ብረቱ ከኦክሲጅኑ ሲላቀቅ በየደቂቃው ማየት ተቻለ። ለዚህ ግን የሆስፒታል ራጅ አይበቃም፤ ኤሌክትሮኖችን በታላቅ ክብ የሚያሽከረክር ሲንክሮትሮን ያሻል።

ከጅቡቲ ተነሥቶ ቀይ ባሕርን ወደ ሰሜን የሚከተል መርከብ በመጨረሻ የዮርዳኖስ ወደብ ዐቃባ ይደርሳል። በዚያው አገር በአላን፣ ሰሳሚ የተባለው የጋራ ሲንክሮትሮን በ2017 ተመርቆ ተከፈተ፤ አስቀድመው ሥራ ከጀመሩት መስመሮቹ አንዱም ይህንኑ የራጅ መመጠጥ የሚለካው ነው። በአፍሪካ ምድር ግን እንዲህ ያለ መሣሪያ እስከ አሁን አልተተከለም።