የትም የማያደርስ ደረጃ

ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ፣ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ካለበት አሮጌ ሕንፃ ፊት ለፊት፣ የትም የማያደርስ ደረጃ አለ። ከመሬት ተነሥቶ እየተጠማዘዘ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከዚያ በቃ፣ አለቀ። በር የለው፣ ሰገነት የለው። ጫፉ ላይ አንድ ትንሽ አንበሳ ተቀምጧል።

እኔ የተማርኩት አምስት ኪሎ ነው፤ ኢንጂነሪንግ። ስድስት ኪሎ ሽቅብ ትንሽ መንገድ ስለሆነ ለጓደኛም፣ ለሻይም፣ ለፎቶም እንሄድ ነበር። የምረቃ ጋዋን ለብሼ እዚያ ደረጃ ሥር የተነሣሁት ፎቶ እስካሁን ስልኬ ውስጥ አለ። ያኔ አንድ ሰው «ይሄ ነገር ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቀኝ «ጌጥ ነዋ!» ብዬ አልፈው ነበር።

ጌጥ አይደለም። የሠሩት ፋሺስቶች ናቸው። እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ ሥልጣን ላይ የቆየበትን አንድ ዓመት ይወክላል፤ ቆጠራው የሚጀምረው ሥልጣን ከያዘበት እ.ኤ.አ. ከ1922 ነው። ጣሊያን ሲባረር ደረጃውን ማፍረስ ቀላል ነበር። ግን አላፈረሱትም። የመጨረሻው እርከን ላይ የይሁዳ አንበሳ አስቀመጡበትና ተዉት። ቆጠራው እዚያ ላይ ቆመ።

ሶፍትዌር ዴቬሎፐር ነኝ። በእኛ ሥራ ሰው ሁሉ የሚፈራው ዓይነት ኮድ አለ፤ የጻፈው ሰው ከሄደ ቆይቷል፣ ለምን እንደተጻፈ የሚያስታውስ የለም፣ ግን ማንም አይነካውም። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን እንዲህ ያለ ኮድ ላጠፋ ስል አጠገቤ የሚቀመጥ አንድ ሲኒየር «ቆይ እስቲ! መጀመሪያ ለምን እዚህ እንዳለ እወቅ፤ ከዚያ ታጠፋዋለህ» አለኝ። ስድስት ኪሎን በዚህ ዓይን ማየት የጀመርኩት ግን ከተመረቅኩ በኋላ ነው፤ ያውም በጋሼ ምክንያት። ጋሼ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። በ1960 ዓ.ም. እዚሁ ግቢ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነበሩ። ወደሳቸው እመለሳለሁ፤ መጀመሪያ ግን ስለ ቤቱ።

ለምጽዋት የተጠራ ሕዝብ

ሕንፃው ገነተ ልዑል ይባላል። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከወረራው ጥቂት ዓመታት ቀደም ብለው ያሠሩት ቤተ መንግሥት ነው። ገና በደንብ ሳይኖሩበት ጦርነቱ መጣ፤ እሳቸው ወደ ስደት ሄዱ፤ ቤቱ የጣሊያን እንደራሴ የግራዚያኒ መቀመጫ ሆነ።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ የኔፕልስ ልዑል መወለዱን ምክንያት አድርጎ ለአዲስ አበባ ድሆች ምጽዋት እሰጣለሁ አለ። ሕዝቡ ወደ ግቢው ተጠራ፤ መጣም። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የሚባሉ ሁለት ኤርትራውያን ወጣቶች ከሕዝቡ ጋር ገብተው ነበር። ቦምብ ወረወሩ። ግራዚያኒ ቆሰለ እንጂ አልሞተም። ወዲያው ምጽዋት ሊቀበል በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ ተኩስ ተከፈተ፤ ከዚያም ለሦስት ቀን ከተማዋ ላይ የደረሰው ደረሰ። ሰው በየመንገዱ ተገደለ፤ ቤት ከነነዋሪው ተቃጠለ። በሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። ስድስት ኪሎ አደባባይ ላይ የቆመው ሐውልት የዚያ መታሰቢያ ነው። ታክሲ ስንጠብቅ የምንደገፈው አጥር የማን እንደሆነ ስንቶቻችን አስበን እናውቃለን? እኔ አላሰብኩም።

ንጉሡ በ1933 ዓ.ም. ሲመለሱ ያው ቤት ገቡ። ያን ሁሉ ደም ያየውን ግቢ ትተው ሌላ ቦታ መሄድ ይችሉ ነበር፤ እሳቸው ግን ሃያ ዓመት ገደማ ኖሩበት። ደረጃው ላይ አንበሳ ተቀመጠ። በ1940 ዓ.ም. ደግሞ ከግቢው ማዶ እውነተኛ አንበሶች መጡ፤ ዛሬ አንበሳ ግቢ የምንለው ቦታ። ጓደኞቼ ዶርም ባደርኩባቸው ሌሊቶች ሲያገሱ ሰምቻለሁ። የመጀመሪያ ቀን ደንግጬ ስነሣ አንዱ ከላይኛው አልጋ ላይ ሆኖ «ተኛ ባክህ፣ የንጉሡ ናቸው» ብሎኛል።

አረንጓዴው ሳሎን

ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ንጉሡ ብራዚል ጉብኝት ላይ ነበሩ። የክቡር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። መኳንንቱንና ሚኒስትሮቹን አስጠርተው ያሰሯቸው የት ነው? ገነተ ልዑል። የአራት ኪሎ ኮሌጅ ተማሪዎች ለውጡን ደግፈው ሰልፍ ወጡ። ጦሩ ግን ለንጉሡ ታማኝ ሆኖ ቆየ፤ ውጊያው ወደ ቤተ መንግሥቱ ተጠጋ። ነገሩ እንዳበቃለት ሲያዩ፣ አማፂዎቹ አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ በታሰሩት ሰዎች ላይ ተኮሱ። ከሞቱት መካከል ራስ ሥዩም መንገሻና ራስ አበበ አረጋይ ይገኛሉ። ራስ አበበ አምስት ዓመት ሙሉ በሸዋ ጫካ ጣሊያንን የተዋጉ አርበኛ ናቸው። ግራዚያኒ ያልቻላቸው ሰው፣ ግራዚያኒ በተቀመጠበት ቤት፣ በወገን ጥይት ሞቱ።

የሚገርመው ቀጥሎ የመጣው ነው። ዓመት እንደሞላው፣ ታኅሣሥ 1954 ዓ.ም.፣ ንጉሡ ቤቱን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ። ደም የፈሰሰበት ቤት መኖር ከብዷቸው ነው የሚሉ አሉ። ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ ተማሪዎቹ ባለፈው ዓመት ጠላታቸውን ደግፈው ወጥተው ነበር፤ እሳቸው መኖሪያቸውን ሰጧቸው።

ዋናው ሕንፃ በንጉሡ አባት ስም ራስ መኰንን አዳራሽ ተባለ። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምም ቤቱ እሱ ሆነ፤ የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ። የሪቻርድ እናት ሲልቪያ ፓንክረስት ደግሞ ለንደን ላይ ጋዜጣ እያሳተሙ ያን ፋሺዝም ሲቃወሙ የኖሩ ሴት ናቸው። እስቲ አስቡት፤ ግራዚያኒ በኖረበት ቤት የሲልቪያ ልጅ ቢሮ ከፈተ።

ሙዚየሙን ያላያችሁ ሂዱና እዩ። የንጉሡ መኝታ ክፍልና መታጠቢያ ቤት እንዳሉ ናቸው። መስታወቱ ላይ የጥይት ቀዳዳ አለ፤ የ1953ቱ ነው። እሱንም አልቀየሩትም።

አዞዎችና አጭር ቀሚስ

የሰጡት ግቢ የጠበቁትን አልሰጣቸውም። በ1950ዎቹ አጋማሽ ራሳቸውን «አዞዎች» ብለው የሚጠሩ ተማሪዎች በምስጢር መሰብሰብ ጀመሩ። የካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» የሚል ሰልፍ ወጣ። ባለ ርስቶቹ ፓርላማ ሲያዩት ምን እንደተሰማቸው መገመት አይከብድም። አሜሪካኖች በገንዘባቸው ያሠሩት፣ በኬኔዲ ስም የተሰየመ ቤተ መጻሕፍት ግቢው ውስጥ ቆመ፤ ማርክስን የሚጠቅሰው ትውልድ እዚያው ተቀምጦ ለአሜሪካ ኢምፔሪያሊዝም ተቃውሞ ጽሑፍ ሲያዘጋጅ አይገርማችሁም?

መጋቢት 1960 ዓ.ም. ራስ መኰንን አዳራሽ ውስጥ የፋሽን ትርኢት ተዘጋጀ። ሚኒስከርት የመጣበት ዘመን ነው። ተማሪዎቹ «ይሄ የምዕራባውያን የባህል ወረራ ነው፤ ሕዝብ እየተራበ ፋሽን ምን ያደርጋል?» ብለው ተቃውሞ ወጡ። ግርግር ተነሣ፤ ፖሊስ ገባ፤ ተማሪዎች ታሰሩ፤ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። በቀሚስ ምክንያት!

ይህን መጀመሪያ ሳነብ በጣም ነው የሳቅሁት። ለጓደኞቼ ግሩፕ ላይ ሁሉ ልኬዋለሁ። ትንሽ ቆይቶ ግን አንድ ጥያቄ መጣብኝ፤ የተቃወሙት ፋሽኑን ነው፤ የተሰደበው ማን ነው?

ከሁለት ዓመት በኋላ ሳቅ የሚባል ነገር ጠፋ። ኅዳር 1962 ዓ.ም. ዋለልኝ መኰንን ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈው ጽሑፍ በተማሪዎቹ መጽሔት ወጣ፤ እስከ ዛሬ የምንከራከርበት ነው። ታኅሣሥ 19 ቀን የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው አፍንጮ በር አካባቢ በጥይት ተመትቶ ሞተ። ጥላሁን የማንም ልጅ አልነበረም፤ እህቱ ልዕልት ሣራ ግዛው የንጉሡ ልጅ የልዑል መኰንን ባለቤት ነበሩ። ተማሪዎቹ አስከሬኑን ወደ ግቢው አመጡ። በማግስቱ ክቡር ዘበኛ ገባ፤ ተኩስ ተከፈተ፤ ተማሪዎች ሞቱ። ንጉሡ በስጦታ በሰጡት ግቢ፣ የንጉሡ ዘበኛ።

የቀረውን ታውቁታላችሁ። ንጉሡ በ1967 መጀመሪያ ወረዱ። የንጉሡ ስም ከዩኒቨርሲቲው ላይ ተነሣ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ተማሪዎቹ ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ገጠር ተላኩ። ከዚያ አንድ ካፌ ውስጥ አብረው ሻይ የጠጡ ልጆች ኢሕአፓና መኢሶን ሆነው ተገዳደሉ፤ ደርግ ሁለቱንም ጨረሳቸው።

ጋሼ

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ጋሼ ለቀናት ከቤት አልወጡም። አንድ ቅዳሜ «ስድስት ኪሎ እንሂድ?» ብላቸው እምቢ ይላሉ ብዬ ነበር፤ ሳይከራከሩ ኮታቸውን ለበሱ። ቤተሰቡ ሁሉ የሚያውቀው ስለዚያ ግቢ አንድ ታሪካቸውን ብቻ ነው፤ የጥላሁን ማግስት ጫማቸውን ጥለው አጥር ዘለው እንዳመለጡ። በየበዓሉ ይነገራል። እሳቸው ዝም ይላሉ፤ ሌላው ሰው ነው የሚናገርላቸው።

መኝታ ክፍሉ ውስጥ ያ የተበሳ መስታወት ፊት ቆመው ክራቫታቸውን አስተካከሉ። ሳቅሁ። እሳቸውም ፈገግ አሉ። ወጥተን ስንሄድ፣ «ጋሼ፣ ያ የፋሽን ትርኢት እዚህ ነበር አይደል? እርስዎስ ነበሩ እንዴ?» አልኳቸው፤ በቀልድ ነው የጠየቅኋቸው።

ዝም አሉ። ከዚያ «ነበርኩ» አሉኝ። «የክፍላችን ልጅ ነበረች፤ ትርኢቱን ለማየት የመጣች። ቀሚሷ አጭር ነበር። በስሟ ጠርቼ ሰደብኳት፤ ጓደኞቼ ሳቁልኝ። ዩኒቨርሲቲው ሲከፈት ሰላም አልኳት። አልመለሰችልኝም። እውነቷን ነው።»

ምን እንደምል ጠፋኝ።

«ስለ ጥላሁን ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል፣ ልጄ። ስለ እሷ የጠየቀኝ ግን የለም። እኛ ለጭቁን እንታገላለን ስንል እሷን አላየናትም። ይሄንንም ጻፍ፤ ከጻፍክ።»

ስለዚህ ጻፍኩት። የዚያ ትውልድ ነገር ሲነሣ ወይ ጀግኖች ናቸው እንላለን፣ ወይ አገር አፍራሾች። ጋሼ ሁለቱንም አላሉኝም። የሃያ ዓመት ልጅ ሆነው በአንድ ዓመት ልጅቷን ሰድበዋል፤ በሌላው ዓመት ጥይት እየተተኮሰ ጓደኛቸው አስከሬን አጠገብ ቆመዋል። ሁለቱም የሆነው ያው ግቢ ውስጥ ነው፤ ሁለቱም እውነት ነው። አንዱን አጥፍተን ሌላውን ብቻ ብናስቀምጥ የሚቀረው ታሪክ የሰው አይመስልም።

ግቢው ራሱ ይሄን የሚያውቅ ይመስለኛል። የፋሺስቱን ደረጃ አላፈረሰም፤ የንጉሡን የተበሳ መስታወት አልቀየረም፤ የኬኔዲን ስም አልፋቀም። የተቀመጡትን ሁሉ አኑሯል። የጎደለው የሚጠይቅ ሰው ነው፤ እኔ ስንት ዓመት ስመላለስ አልጠየቅኩም። ጋሼ አሁን ሰባ አምስት አልፏቸዋል፤ የዕድሜ እኩዮቻቸው አንድ በአንድ እየሄዱ ነው። ቤታችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ካለ፣ በየበዓሉ የሚነገረውን ታሪክ ሳይሆን የማይነገረውን ጠይቁት።

ስንወጣ ደረጃው ሥር አቁሜ ፎቶ አነሣኋቸው። ሊንኩን... ይቅርታ፣ ፎቶውን በቴሌግራም ልልክላቸው ስል «ሥሩ ጻፍበት» አሉኝ።

«ምን ብዬ፣ ጋሼ?»

«ምን እንደሆነ ነዋ! ካልተጻፈበት ጌጥ ነው የሚመስለው።»