የአራዳ በቅሎና የበጋ መኖ፦ ከትናንት ለዛሬ የሚሆን ትምህርት

ባለፈው ዓመት ከማኅበራችን አባላት ጋር ለስብሰባ አዲስ አበባ ገብተን ነበር። በፒያሳ ስናልፍ አንድ በዕድሜ የገፉ አርሶ አደር በአራዳ ጊዮርጊስ አደባባይ በቆመው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ፊት ቆም አሉ። ሐውልቱ በ1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ሰሞን የተመረቀ ሲሆን ንጉሠ ነገሥቱን በፈረስ ላይ እንዳሉ ያሳያል። አዛውንቱ ግን ልብ ብለው ያዩት ፈረሱን ነበር። «ልጄ፣ ያን ጊዜ ያ ሁሉ ፈረስና በቅሎ እዚህ ሲሰበሰብ በሚያዝያ ምን ያበሉት ነበር?» አሉኝ። ኮሌጅ ስለ መኖ ብዙ ብማርም ወዲያው የምመልሰው አልነበረኝም። ዩኒየናችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ወቅት ለጥያቄያቸው ያገኘሁትን መልስ ለአንባቢዎች ማካፈል ወደድሁ።

የአራዳ ገበያና ሣሩ

እንደሚታወቀው አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ዋናው ገበያዋ አራዳ ነበር። በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ በተለይም ቅዳሜ ቅዳሜ፣ እህሉ፣ ቅቤው፣ ማሩ፣ አሞሌ ጨውና የጋማ ከብቱ ይሸጥ ይለወጥ ነበር። ገበያውን በበላይነት ከመሩት መካከል ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ሚካኤል ይገኙበታል። የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. በመሆኑ ከዚያ በፊት ወደ ከተማዋ የሚመጣው ጭነት የሚጓጓዘው በበቅሎ፣ በአህያና በግመል ጀርባ ነበር። መኳንንቱም ከነአሽከሮቻቸው የሚንቀሳቀሱት በበቅሎና በፈረስ ነበር።

ይህ ሁሉ እንስሳ የሚቀለበው በከተማዋ ዙሪያ ካሉት ሜዳዎች ታጭዶ በሚመጣ ሣር፣ በጭድና በገብስ ነበር። ሊሰመርበት የሚገባው ነገር ሣሩን ዘርቶ ያበቀለው ሰው አለመኖሩ ነው። ክረምቱ ያበቅለዋል፣ ሰው ያጭደዋል፣ በጋው ይጨርሰዋል።

የማገዶን ነገር ከዚህ ጋር እናነጻጽር። በ1890ዎቹ መጀመሪያ እንጨት በማለቁ ዋና ከተማው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ታስቦ ነበር። ከተማዋን ያቆያት ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ማገዶ ሲያልቅ ዛፍ ተመርጦ ተተከለ። መኖ ሲያልቅ ግን መርጦ መዝራት እንደ እህሉ ልማድ ሳይሆን ቀረ። ለአዛውንቱ ጥያቄ ያገኘሁት አጭር መልስ ይህ ነው።

ከበቅሎ ወደ ወተት ላም

በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ የሕዝቡ ገበያ ወደ መርካቶ ተዛወረ። የአራዳ እምብርትም በጣሊያንኛ አደባባይ ማለት በሆነው «ፒያሳ» በሚለው ስም ይጠራ ጀመር። ከነፃነት በኋላ በ1939 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የዕርዳታና የመልሶ ማቋቋም ድርጅት 300 የፍሪዥያንና የብራውን ስዊስ ከብቶችን ለአገራችን ሰጠ። በ1952 ዓ.ም. ደግሞ በዩኒሴፍ ዕርዳታ በሾላ የወተት ማቀነባበሪያ ተቋቋመ።

ፒያሳም የሚፈልገው ለበቅሎው ሣር መሆኑ ቀርቶ ለማኪያቶው ወተት ሆነ። የወተት ላም ግን በጭድ ብቻ አትታለብም። የእህል ጭድ ያለው ፕሮቲን ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 በመቶ ሲሆን በወቅቱ የታጨደ የቬች ድርቆሽ ግን ከ15 በመቶ በላይ አለው። በ1960 ዓ.ም. በአርሲ ሥራ የጀመረው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ)፣ በ1970ዎቹ መጨረሻም በፊንላንድ ዕርዳታ የተጀመረው የሰላሌ የወተት ልማት ፕሮጀክት ከወተት ከብቱ ጋር መኖ የማልማትን ሥራ ይዘው መጥተዋል።

በመኸር ማብቂያ ምን ይዘራ?

እዚህ ላይ የራሴን ስሕተት መናገር ይገባኛል። በሥራዬ የመጀመሪያ ዓመት አንድ አርሶ አደር ለገብስ ካሰቡት መሬት ጥቂቱን ለመኖ እንዲያውሉት አግባባኋቸው። ዘሩ ዘግይቶ ስለደረሰን አጃና ቬቹን የዘራነው በነሐሴ መጨረሻ፣ በተዳፋት ቀይ አፈር ላይ ነበር። ዝናቡ በመስከረም መጀመሪያ ወጣ። አጃው ሳያሸት ቀረ፣ ቬቹም ሳይዘረጋ ደረቀ። ከታች በመረሬው መሬት ላይ የጎረቤታቸው ጓያ ግን አፈሩ በያዘው እርጥበት እስከ ኅዳር ለምለም ነበር። ለፋሲካ ወተት በሚወደድበት ሰሞን አርሶ አደሩ መኖ በማጣታቸው አንዲት ጊደር ለመሸጥ ተገደዱ። በሐውልቱ ሥር ጥያቄውን ያነሡት አዛውንት እኚሁ ሰው ናቸው። የሚያዝያን ስም ለምን እንደጠሩ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ሌላው ሁሉ ሲደርቅ ለምለም ሆኖ የሚቆየውን ማወቅ የቆየ ጥበብ ነው። በአሜሪካ አዳኞች ብርዱ ሳይገባ አጃ፣ ስንዴና የጎመን ዓይነቶችን ዘርተው አጋዘንን ወደ ማሳው ያስጠጋሉ። በእኛም አገር በበጋ ለምለም የቀረች ማሳ ካለች ድኩላው ሳይጠሩት ይመጣል። እኛ ግን የምናስበው በጓሮ ለታሰረችው ላም ነው። ስለሆነም ከስሕተቴ የተማርሁት የሚከተለው ነው።

አጃና ቬች ለድርቆሽ ከተፈለጉ ዘሩ ሦስት እጅ አጃ፣ አንድ እጅ ቬች ሆኖ ክረምቱ ሳይገፋ በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ መዘራት አለበት። የሚታጨደውም አጃው ሲያሸት፣ ቬቹ ሲያብብ ነው። ነሐሴ ካለቀ በኋላ ግን በቀይ አፈር ላይ ዘር ማባከን አይገባም። መረሬ መሬት ያለው ሰው ውኃው ሲጠነፍፍለት ጓያ ወይም ሽንብራ ይዝራ፤ ገለባው ለከብት ጥሩ መኖ ነው። የጓያን ፍሬ ግን ለወራት ዋና ምግብ ማድረግ ሰውን እግሩን እንደሚያሽመደምድ መዘንጋት የለበትም። ፈረስንና በቅሎንም ይጎዳል። የሜዳ ሣርም ቢሆን ቢጫ እስኪሆን ሳይጠበቅ አብቦ ሳለ መታጨድ አለበት።

የማኅበራት ድርሻ

ከላይ እንደተገለጸው የእኔ አርሶ አደር የተጎዱት ዘሩ በመዘግየቱና ለመሬቱ የማይስማማ በመመረጡ ነው። ምርጫው የእኔ ጥፋት ነው፤ የዘሩን መዘግየት ግን አንድ ገበሬ ብቻውን አይፈታውም። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991 ከወጣ ወዲህ ዩኒየኖች ማዳበሪያና የእህል ዘር በማቅረብ በርካታ ልምድ አካብተዋል። የመኖ ዘር ጥያቄም በሚያዝያ ተሰብስቦ ዘሩ በሰኔ መጀመሪያ መጋዘን ቢገባ፣ ድርቆሽም ርካሽ በሆነበት በኅዳር ተገዝቶ ቢከመር፣ በፋሲካ ጊደሩን የሚሸጥ አባል ይቀንሳል። የወረዳ ኃላፊዎችም በዕቅዳቸው ከኩንታል እህል ጎን የመኖን ሄክታር ቢያካትቱ መልካም ነው።

ዛሬ የአራዳ ገበያ የለም። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ከፒያሳ አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ ፈርሰዋል። ፈረሱ ግን እንደቆመ ነው፤ የአዛውንቱም ጥያቄ እንዲሁ። በመጪው ክረምት ዘሩን በጊዜ ይዤ ወደ ቤታቸው ለመሄድ ቃል ገብቻለሁ።

መልካም የምሥረታ በዓል!