ከአሸንዳ የምትወነጨፍ ኳስ
የፊዚክስ መማሪያ መሣሪያ፤ እንጨት፥ ብረት፥ ቱምቢ፥ ካርቦን ወረቀት

ከባሕር ዳር ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በመሸንቲ ያለ አናጺ ከአንድ ሳንቃ ሊያበጀው የሚችለው ይህ መሣሪያ፥ ጣሊያናዊው ሊቅ ጋሊሌዎ እ.ኤ.አ. በ1608 ገደማ በፓዱዋ ሳለ በእጅ ጽሑፉ ካሰፈረው ፈተና ጋር በመሠረቱ አንድ ነው። በጠረጴዛ ላይ በተቀመጠው ተዳፋት አሸንዳ ተንከባልላ ከጠረጴዛው ጠርዝ በአግድም የምትወጣው ድፍን የብረት ኳስ፥ ወደ ፊት የሚነዳት ኃይል ባይኖርም ያገኘችውን ፍጥነት እንደ ያዘች ስትጓዝ፥ የመሬት ስሕበት ደግሞ ቁልቁል ስለሚያወርዳት፥ ሁለቱ ሕግጋት አንዱ ሌላውን ሳያውክ በአንድነት ተፈጽመውባት መንገዷ ፓራቦላ ይሆናል።

የጠረጴዛው ከፍታ 80 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ኳሷ በ0.4 ሰከንድ ገደማ ወለሉን ትመታለች፤ ከጠርዙ ቀጥ ብላ ብትወድቅም ጊዜው ያው ነው። ምሥጢሩ የሚጠልቀው በርቀቱ ላይ ነው። ከጠርዙ በላይ በ20 ሴንቲ ሜትር ከፍታ የተለቀቀች ኳስ ያለ ሰበቃ ተንሸራታ ቢሆን ኖሮ 80 ሴንቲ ሜትር ርቃ በወደቀች ነበር፤ የምትንከባለለዋ ግን ከጉልበቷ ከሰባት እጅ ሁለቱን በራሷ ዙሪያ ለመሽከርከር ስለምታውለው፥ ከ68 ሴንቲ ሜትር እምብዛም አታልፍም። ብዙ ተማሪ ይህን ጉድለት የእጁ ስሕተት አድርጎ ማለፉ እጅግ ያሳዝናል፤ የመሣሪያው ዋና ትምህርት በዚሁ ውስጥ ተሰውሯልና።

ተመልካቾች ሆይ፥ ኳሷን ከአንድ ከፍታ ደጋግማችሁ ልቀቁ፤ ካርቦኑ ወለሉ ላይ በተነጠፈው ነጭ ወረቀት ላይ የሚተወውንም ነጥብ ሁሉ ከጠርዙ በተንጠለጠለው ቱምቢ ሥር ካለው ምልክት ጀምራችሁ ለኩ።