ሮያል ኢንፊልድ ሂማላያን
የህንዱ ሮያል ኢንፊልድ እ.ኤ.አ. በ2016 ለገበያ ያቀረበው፣ ለረጅም ጉዞ የተሠራ መካከለኛ ሞተርሳይክል፤ ዋጋው ከአውሮፓ አቻዎቹ በእጅጉ ይቀንሳል። የመጀመሪያው ሞዴል 411 ሲሲ ሞተር 24.5 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ጥቂት ቢመስልም ከዝቅተኛ ዙር ስለሚጎትት ዳገት ላይ አያሳፍርም። ታንከሩ 15 ሊትር ይይዛል፤ ግራና ቀኙ ላይ ጀሪካን የሚታሰርበት ብረት አለ።

ከፍታ ግን ማንኛውንም ሞተር ይፈትናል። ከየካ ወደ እንጦጦ ሲወጣ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ አየሩ ስለሚሳሳ በባሕር ጠለል ከሚኖረው ጉልበት ሩብ ያህሉ ይጠፋል። ካርቡሬተር ላለው ቤንዚን ይበዛበትና ካንዴላው ጥላሸት ይይዛል፤ ነዳጅ በኤሌክትሮኒክስ የሚረጨው ራሱን ያስተካክላል። በኮተቤ ወጥቶ፣ ሰንዳፋንና ደብረ ብርሃንን አልፎ ለሚሄድ ተጓዥ ልዩነቱ ጣርማ በር ላይ እንደገና ይታያል። ከጣርማ በር ዋሻ ወዲያ ወደ ደብረ ሲና የሚወርደው ቁልቁለት ደግሞ ከፍሬን ይልቅ ከባድ ማርሽ ይፈልጋል።